በዘመነ ማቴዎስ የጠፋብኝ ዓመት

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.፣ ዘመነ ማቴዎስ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ለምወድህ ወንድሜ ለመሪጌታ ብርሃነመስቀል፣
ደብረ ኤልያስ

በዛሬው ዕለት የሚታሰበው ሊቀ መላእክት ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። ከማኅሌት ስትወጣ ጉልበትህን የሚይዝህ ብርድ ተሻለህን? ደቀ መዛሙርትህስ በረቱልህን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገንና በእግሬ እሄዳለሁ፤ በዓይኔ አያለሁ፤ የቀረበልኝንም ባርኬ እበላለሁ። የምጽፍልህ ስለ ቀረው ነገር ነው። ከላይ ያሰፈርኩትን ቀን ከግድግዳው መቁጠሪያ ላይ አይቼ፣ ብዕሬን አኑሬ፣ እንደ ገና ሄጄ አይቼ እንደ ጻፍኩት አስቀድመህ እወቅልኝ።

የባለቤትህን የእታለምን ዕረፍት የነገርከኝ ደብዳቤ በሰኔ ደርሶኛል። በዚህች በስደት ቤተ ክርስቲያናችን ፍትሐት አስደርጌላታለሁ፤ ስሟንም በየቅዳሴው አስጠራለሁ። ደብዳቤዬን ጮክ ብለህ ስታነብላት፣ ጥጧን እየፈተለች፣ «ይህንንስ ባለፈው ጽፎታል፤ ዝለለውና አዲሱን አንብብ» ትልህ እንደ ነበረ አንተው ነህ የጻፍክልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዕር ባነሣሁ ቍጥር እርሷን እየፈራሁ እጠነቀቅ ነበር። አሁን ስሕተቴን የሚለቅም ጆሮ ሄደ። ሐዘንህ ሐዘኔ ነው።

ወንድሜ፣ ፈርቻለሁ። በተማሪ ቤት ሳለን ቍራሽ ስንለምን ውሻ ሲያሳድደን የሚይዘን ፍርሃት መሮጫ ነበረው። የአሁኑ መሮጫ የለውም።

ነገሩን ከአንዲት ቃል ልጀምርልህ። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለሽማግሌዎች እንግሊዝኛ የምታስተምር አንዲት ደግ ሴት አለች። በመስከረም ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቃል አድላ «ትርጓሜውንና አገባቡን ይዛችሁ ኑ» አለችን። ለእኔ የደረሰኝ «ቼክ» የሚለው ነው። ቃሉን አስቀድሞም ከሰው አፍ አውቀዋለሁ፤ እዚህ አገር ያለ እርሱ የሚወጣም የሚገባም የለም። ልጄ ውድነሽ ከቤት ስትወጣ «አባባ፣ በሩን ቼክ ያድርጉልኝ» ትላለች። ጎረቤታችን ያሲር ታክሲውን ከማስነሣቱ በፊት ጎማውን እየረገጠ ቼክ ያደርጋል። የውድነሽ ባል፣ ስሙ ወንድሙ የሚባለው፣ ትልቅ የጭነት መኪና እየነዳ ከሳምንት እስከ ሳምንት በመንገድ ላይ ነው፤ ሲደውልም የመጀመሪያ ቃሉ «ቼክ ላድርጋችሁ ብዬ ነው» ይላል።

እኔም የኔታ እንዳስተማሩን በአንድምታ ፈታሁት። ቼክ ማለት ማየት፣ ማጣራት፣ ምርቱን ከገለባው መለየት ነው። አንድም መግታት፣ መያዝ፣ በቅሎን በልጓም እንደ ማቆም ነው። አንድም ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የምትጋልብ በቅሎ ኮቴዋ አይመረመርምና፣ ሊያዩአት የሚሹ አስቀድመው ይይዟታል። የልጅ ልጄ ፀዲ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ጻፈችልኝ። መምህርቷ አንብባ በጣም ደስ አላት፤ የቃሉም ሥር ከሰንጠረዥ ጨዋታ እንደ ሆነ ነገረችን። ንጉሡ ሲከበብ የሚነገር ቃል ነበረ አሉ፤ ከዚያ መግታት ተባለበት፤ ከመግታትም መመርመር ወጣ። ያን ቀን እንደ ቅኔ ተማሪ እየፈነደቅሁ ወደ ቤት ተመለስኩ። የተከበበው ንጉሥ ማን እንደ ሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያ የመጣው የምድጃው ነገር ነው። ምስር ጥጄ ለጸሎት ቆምኩ። የጭሱ ማስጠንቀቂያ ሲጮኽ የቤተ ክርስቲያን ደወል መስሎኝ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ሰገድኩ። ውድነሽ ስትደርስ ድስቱ ከስሏል፤ እኔም በጭሱ መካከል እየሰገድኩ ነበር። አልተቆጣችኝም። ቢቆጡ ይሻላል።

ከዚያ መንገዱ መጣ። ከቅዳሴ ስመለስ በኮልፋክስ ጎዳና ከሚሄደው አውቶቡስ ያለ ቦታዬ ፓርክ ሂል ላይ ወረድኩ። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈዋል፤ ቤቶቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ቤቴ በየት በኩል እንደ ሆነ ጠፋኝ። ወዴት እንደምሄድ የማውቅ ሰው ለመምሰል ፈጠን ብዬ መራመድ ጀመርኩ። ነጭ ጥምጣሜን ከሩቅ አይቶ ያሲር ታክሲውን አቆመ።

«መሪጌታ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አየር እየወሰድኩ ነው፣ ልጄ።»

«አየሩ እኮ አውሮራም አለ፤ ደግሞ ይሄኛው ይበርዳል። ይግቡ፣ ይግቡ!»

ገባሁ። ትንሽ እንደ ሄድን፣ «ኪስዎን እስቲ ቼክ ያድርጉ፤ የቤት ስልክ የተጻፈበት ነገር ይዘዋል?» አለኝ።

«በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኩት።

«ይበሉኛ!»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እርሱም የሚዘፍነውን ራዲዮ ዘጋው። ደግ ልጅ ነው፤ በሃይማኖት ብንለያይም እንደ አባቱ ያየኛል። ስላከበረኝም ነው ለውድነሽ የነገራት።

እርሷም የምድጃውን ማብሪያዎች ነቅላ በቦርሳዋ መያዝ ጀመረች፤ በበሩም ላይ ሲከፈት የሚያቃጭል ነገር ሰቀለች። «አባባ፣ አይቀየሙኝ» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ። «ልጓም መሆኑ ነው?» አልኳት። «ኧረ እንደሱ አይበሉ!» ብላ አለቀሰች።

በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሐኪም ተላክሁ። ውድነሽ ከሥራ ማስፈቀድ ስላልቻለች የያሲር ባለቤት ራሕማ ነድታ አደረሰችን፤ አስተርጓሚዬ ፀዲ ሆነች። ፀዲ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፤ የዘመን አቈጣጠራችንን ግን አታውቅም። ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ሰው ነው። ዓመቱ ስንት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «፲፱፻፹፰» አልኩ። ፀዲ እንደ ሰማችው በእንግሊዝኛ አቀበለችው። እርሱም ጻፈ።

ወሩንስ? «ሐምሌ» አልኩ።

«ዋት ኢዝ ሐምሌ፣ አባባ?»

«ወር ነዋ፣ ልጄ!»

«ኦኬ» ብላ የኢትዮጵያ ወር ነው አለችው። ጻፈ። ሰዓቱንስ? ከረፋዱ አራት አልኩ፤ ጻፈ። ይህን አገር የሚመራው ማን ነው? «እግዚአብሔር» አልኩት። ፀዲ አፏን በእጇ ይዛ እየሣቀች ነገረችው፤ እርሱም ሣቀ፤ ሣቀና ጻፈ። ከዚያ ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ሳንቲም ብሎ ሦስት ነገሮች እንዳስታውስለት አደራ ሰጠኝ። ጥቂት ቆይቶ ሲጠይቀኝ ከሦስቱ የቀረልኝ ጠረጴዛው ነበር። ስለ ኀፍረቴ፣ «ጠረጴዛው ይኸው አለ፤ የቀሩት በላዩ ላይ ነበሩ፤ ሰው አንሥቷቸው ይሆናል» አልኩ። ብቻዬን ቤት እንዳልተው፣ ሕፃንም እንዳልጠብቅ ለልጄ ንገሩ ብሎ አሰናበተን።

ማታ ውድነሽ ገብታ ፀዲ የሆነውን ስትነግራት መጀመሪያ ፊቷ ጠቈረ። ድንገት ግን ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

«፲፱፻፹፰ አሉ? ፀዲዬ፣ እኛ እኮ ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን! አራት ሰዓትም ልክ ነው፤ የእነሱ አሥር ማለት ነው! ወሩንም ያሉት በእኛ ነው! አባባ በሐበሻ ነዋ የመለሱለት!»

«ሶ ሂ ፓስድ?» አለች ፀዲ።

«ከሐኪሙ በላይ ነው ያለፉት!»

በደስታ በሩን ከፍታ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩትን ራሕማንና ያሲርን ጠራቻቸው። ያሲር ነገሩን ሲሰማ፣ «ፈተናው ራሱ ነው የወደቀው! መሪጌታማ ምን አሉ፤ እግዜር ነው የሚመራው አሉ፤ ይኼ ሰው አእምሮው ሄዷል ይባላል?» ብሎ ቤቱን በሣቅ ሞላው። ውድነሽ እያለቀሰችና እየሣቀች የምድጃውን ማብሪያዎች መልሳ ሰካች፤ የበሩንም ማቃጨያ አወረደች። በማግሥቱ ለሐኪሙ ስትደውል እርሱም ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ቀጠሮ በጥር ሰጠ።

እኔም አብሬ ሣቅሁ።

አንተ ግን ባሕረ ሐሳብን ከእኔ ጋር የቈጠርክ ሰው ነህና አትስቅም። መስከረም አንድ ቀን በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ዘመነ ዮሐንስ ማለፉን፣ ዘመነ ማቴዎስ መግባቱን፣ ዓመቱም ፲፱፻፹፱ መሆኑን ለሕዝቡ ያወጅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የመለስኩት ዓመት በእነርሱም በእኛም ስሕተት ነበር። ሐምሌ ብዬ ስመልስም በሐኪሙ መስኮት በረዶ ሲወርድ አይ ነበር። ካቈጣጠሩ ነገር በትክክል የመለስኩት ሰዓቱን ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ስሕተት ብለው ነበር። ውድነሽ ሰባት ስምንት ብላ አለፈችው፤ ሰባትና ስምንት ለእርሷ አንድ ናቸው። ለእኔ ግን በመካከላቸው አንድ ወንጌላዊ አለ።

ልናገር አሰብኩ። ፊቷን አየሁትና ዝም አልኩ። ወንድሜ፣ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ነው።

የተረፈውንም ስማኝ። ባለፈው ቅዳሜ ውድነሽ ልብስ ልታጥብ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ፀዲ ከጓደኞቿ ጋር ነበረች። እኔም ለውድነሽ ሕፃን ጡጦ ውሃ ጥጄ ከወንበሬ ተቀመጥኩ። በጓዳ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ገብቼ አየሁት። የማን ልጅ እንደ ሆነ አላወቅኩም። ረሳሁ አልልህም፤ የሚረሳ ሰው የሆነ ነገር እንደ ጐደለው ይሰማዋል፤ ለእኔ ምንም አልጐደለኝም ነበር። እናቱ ትጨነቃለች ብዬ አዘንኩላት። አቀፍኩትና በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ የራሕማንም በር መታሁ።

«ልጄ፣ ይህ ሕፃን እኛ ቤት ተረስቶ ነው፤ እናቱን ታውቂያት እንደ ሆነ» አልኳት።

ራሕማ ጭኗን መታ አድርጋ ሣቀች። «ውይ መሪጌታ! ሐኪሙን ጨርሰው ደግሞ ወደ እኔ መጡ! ኢዮስያስ፣ የኔ ጌታ፣ አያትህ ሊሸጡህ ነው፤ ስንት ብዬ ልግዛህ?»

ስሙን ስትጠራው ሁሉ ነገር ተመለሰልኝ። ኢዮስያስ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ማን የተሻለ እንደሚሰጥ ልይ ብዬ ነው» አልኳት።

«ከእኔ የተሻለ የሚሰጥ የለም፤ ይግቡ በሉ!»

አልገባሁም። ስመለስ በራችን እንደ ተከፈተ ነው፤ ውሃውም ተንተክትኮ አልቆ ድስቱ መንጣጣት ጀምሯል። እሳቱን አጥፍቼ፣ ሕፃኑን በጉልበቴ አስቀምጬ፣ ውድነሽ እስክትመጣ ድረስ «ኢዮስያስ፣ ኢዮስያስ» እያልኩ ጠበቅኋት። የማጫውተው መሰላት። ሳመችኝ።

አሁን የሚያስፈራኝ ሰኞ ነው። እስከ ዛሬ ውድነሽ ስትወጣ ሕፃኑን የምትይዝላት ራሕማ ነበረች። ራሕማ ከሰኞ ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያው ሱቅ ሥራ ትገባለች። ውድነሽም ስትለምነው የኖረችው የሙሉ ቀን ሥራ የተፈቀደላት ከዚያው ሰኞ ነው። «አባባ እያሉልኝ ምን ይቸግረኛል!» አለች። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በተዘጋ በር፣ ማብሪያዎቹ በተመለሱለት ምድጃ አጠገብ፣ እኔና ኢዮስያስ ብቻችንን እንሆናለን።

ለምን አትናገርም ትለኝ ይሆናል። ውድነሽ የምትሠራው ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ነው። ከእነርሱ መካከል እየተነሡ የሚባዝኑትን፣ እንዳይወድቁ ብለው በሰፊ ለስላሳ ቀበቶ ከወንበር ጋር ያይዟቸዋል፤ ከዚያም ሰው በየጊዜው እየሄደ ደኅና መሆናቸውን ያያል። መያዙንም ማየቱንም በዚያችው በአንዲት ቃል ይጠሯቸዋል። በአንድምታዬ ያመሳጠርኩት ሁሉ በዚያ ቤት ቀበቶ ታጥቆ በወንበር ላይ ተቀምጧል። በወጣትነታቸው ዳኛ የነበሩ አንድ አዛውንት እጇን ይዘው፣ «ቤቴ ውሰጂኝ፣ ፍርድ የምሰማበት ቀን ነው» ይሏታል። ውድነሽ ይህን ነግራኝ ስታበቃ፣ «ለአባባ እንዲህ ያለውን አያምጣብኝ» ብላ አማተበች። እኔም አሜን አልኩ።

ትናንት በእራት ጊዜ ደፍሬ ጀመርኩ።

«ውድነሽ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ሰኞ...»

«ሰኞ ምን?»

ሌላ እንጀራ ቈረስኩ። «ሰኞ ጾም ነውን?» አልኳት።

«ኧረ አባባ! ነቢያት እሑድ አይደል የሚገባው? ባሕረ ሐሳቡን ይዘው እኔን ይጠይቁኛል?» ብላ ሣቀች። ፀዲም ሣቀች። ሕፃኑም እነርሱን አይቶ ሣቀ።

ዛሬ ጠዋት ራሴን ልመርምር ብዬ በመስከረም ያወጅኩትን ቍጥር እንደ ገና ቈጠርኩ። መጥቅዑን፣ አበቅቴውን፣ ተውሳኩን አወጣሁ፤ ነነዌ በየካቲት ፲ ዋለች። ደስ አለኝ። ለማረጋገጥ ሁለተኛ ብቈጥር በጥር ፳፬ ዋለች። ሦስተኛ ልቈጥር ስጀምር ተውሳክ ማለት ምን እንደ ሆነ ጠፋኝ። በየትኛው እንደምትውል ጻፍልኝ። የኔታ በትር አንሥተው ቢመቱኝ በወደድኩ።

እግዚአብሔርን ስለምን የኖርኩት ለአፌ ጠባቂ እንዲያኖርልኝ ነበር። የሚገባውን እንዳልናገር የሚይዘኝ ጠባቂ ግን እርሱ የሰጠኝ አይደለም፤ ፍርሃቴ ነው። ለራሴ ስል የሠራሁት ልጓም ነው፤ የሚጐዳው ደግሞ ሕፃኑን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። የደብዳቤዎቼን አድራሻ በእንግሊዝኛ የምትጽፍልኝም የምታሽግልኝም ውድነሽ ናት። ከማሸጓ በፊት ለአጎቷ ሰላምታ ከግርጌ ትጨምራለች፤ ያን ስትጨምርም ከላይ ጀምራ ሁሉንም እንደምታነብ ከጥንት አውቃለሁ፤ የልጅ ነገር ብዬ አልፋት ነበር። ይህንንም ሳላሽገው በምድጃው ላይ አኖረዋለሁ።

ልጄ ውድነሽ፣ እዚህ ስትደርሺ ብዕርሽን አስቀምጪ። ሰኞ ኢዮስያስን ለእኔ አትተዪው። የምድጃውን ማብሪያዎች ዛሬውኑ ንቀዪ። ለሐኪሙ ደውለሽ ዓመቱን ያጠፋሁት በሁለቱም አቈጣጠር እንደ ሆነ ንገሪው። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ጾም ነው ብዬ ያለፍኩት ይህን ነው። የሙሉ ቀን ሥራሽን ስላሳጣሁሽ ይቅር በዪኝ። ቀበቶውን እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም። የግድ ከሆነ ግን የማያውቀኝ ሰው አይሰረኝ፤ አንቺ እሰሪኝ፤ አንቺው ነዪና እይኝ።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ረጅም ጻፍኩልህ፤ ታገሠኝ። ጸሎትህ አይለየኝ። በተማሪ ቤት ከአንድ ቍራሽ የበላን፣ በአንድ ደበሎ የተኛን ነንና፣ እኔ የረሳሁትን አንተ ያዝልኝ፤ ስሜን ሳልይዝ ብመጣ እንኳ ከደጅ እንዳትመልሰኝ። አምላከ አበው ጉልበትህን ያጽና፤ ቃል ከአፍህ፣ ማስተዋል ከልብህ እስከ ፍጻሜህ አይጥፋ፤ የደብሩ ደወል በሰዓቱ ይቀስቅስህ።

ይህችንም ደብዳቤ እንደ ልማድህ ለእታለም ጮክ ብለህ አንብብላት። የደጋገምኩት ወይም የሳትኩት ቢኖር ፈትሏን ሳታቆም ታውቀዋለች። ያለችውን ሁሉ ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

ወንድምህ
መሪጌታ ልሳነወርቅ